ፍርሃቱ ሌላ፣ ግዢው ሌላ፦ በወረርሽኝ ጊዜ ኦንላይን ለመግዛት እንዴት እንወስን?

ወረርሽኝ ሲገባ ሰው ለምን ኦንላይን ይገዛል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አብዛኛው ሰው “ስለፈራ ነዋ” ይላችኋል። ግማሹ እውነት ነው። እኔ በኮቪድ ጊዜ ኦንላይን ዕቃ በሚሸጥ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ላይ ነበርኩ። ሥራዬ ስልክ ማንሳትና ለጽሑፍ መልእክት መልስ መስጠት ነው። የሚደውለው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ፈርቷል። ያም ሆኖ ብዙዎቹ ዕቃ መርጠው፣ ቅርጫቱን ሞልተው፣ ክፍያው ጋ ሲደርሱ ቀጥ ይሉ ነበር። “ለመሆኑ ዕቃው በእርግጥ ይመጣል?” ይሉኛል። “ባይሆንልኝ ትመልሱልኛላችሁ?” ይሉኛል።

ከዚያ ሥራ የያዝኩት አንድ ነገር አለ። ፍርሃት ሰውን ወደ ስልኩ ያመጣዋል፤ ገንዘቡን የሚያስከፍለው ግን እምነት ነው። ሁለቱን ለየብቻ የመዘነ ሰው ጤናውንም ኪሱንም ይጠብቃል። የቀላቀለ ሰው ግን ከበሽታ እየሸሸ ሌባ እጅ ይገባል። ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጽፈው ሁለቱን እንዴት እንደምትለዩ ላሳያችሁ ነው። ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣም ይሠራል።

መጀመሪያ ፍርሃታችሁን ለኩት

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነው። ከዚያ ወዲህ የሚመጣልን የስልክ ብዛት ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም ተለወጠ። በፊት “ሌላ ቀለም አለው?” ነበር ጥያቄው። አሁን “ዕቃውን ያሸገው ሰው ጓንት አድርጎ ነበር?” ሆነ።

የሰውን የጤና ባህርይ የሚያጠኑ ባለሙያዎች ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚጠቀሙበት አንድ ማዕቀፍ አለ። ሰው ራሱን ለመጠበቅ የሚነሳው በሽታው ሊይዘኝ ይችላል፣ ከያዘኝም ይጎዳኛል፣ ይህን ባደርግ ግን እተርፋለሁ ብሎ ሲያምን ነው ይላል። በሌላ ጎኑ ደግሞ እንቅፋቱ ይመዘናል፦ ወጪው፣ ጣጣው፣ አለማወቁ። ይህን ማዕቀፍ ኦንላይን ግዢ ላይ አስቀምጡትና የራሳችሁን መልስ ስጡ።

ቤታችሁ ውስጥ ማን አለ? አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ከቤት ያለመውጣት ጥቅሙ ትልቅ ነው። ሁላችሁም ወጣትና ጤነኛ ከሆናችሁ፣ የምትገዙበት ቦታም አየር የሚገባበትና ሰው የማይበዛበት ከሆነ፣ ስጋቱ በዚያው ልክ ያንሳል። የምትሄዱበት ሰዓትም ይወስናል። ሱቅ ሲከፈት መሄድና ሰው ከሥራ ሲወጣ መሄድ አንድ አይደለም። አንዳንዴ መልሱ “ኦንላይን ግዙ” ሳይሆን “ሰዓት ቀይሩ” ይሆናል።

በሽታው በምን እንደሚተላለፍም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያውም የወቅቱን መረጃ። ማርች 2020 ላይ በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ቫይረሱ በላብራቶሪ ውስጥ በፕላስቲክና በብረት ላይ እስከ 72 ሰዓት፣ በካርቶን ላይ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ሊገኝ እንደሚችል አሳየ። ይሄ ዜና ሲሰማ ስልካችን ጋለ። ካርቶኑን በረንዳ ላይ የሚያሳድሩ ነበሩ። ላስቲኩን በበረኪና እየጠረጉ ዕቃውን ያበላሹ ነበሩ። “ካርቶን ውስጥ ከሆነ አልፈልግም” ብለው ትዕዛዝ የሰረዙም ነበሩ። ከዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል 2021 ላይ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የተበከለ ነገር በመንካት የመያዝ ዕድሉ በአጠቃላይ ከ10,000 አንድ በታች መሆኑን ገለጸ። ዋናው መተላለፊያ አየሩ ነው፤ ተጨናንቆ መቆም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አብሮ መተንፈስ።

ለገዢ ይሄ ትልቅ ልዩነት አለው። በሽታው በአየር የሚተላለፍ ከሆነ ከካርቶኑ ይልቅ ካርቶኑን ይዞት ከመጣው ሰው ጋር ፊት ለፊት መቆሙ ነው የሚያሳስበው። ለእሱም ጭምር። ያ ሰው በቀን ስንት በር እንደሚያንኳኳ አስቡት። ማዘዣው ላይ “በር ላይ ይቀመጥ” የሚል ምርጫ ካለ እሱን ምረጡ። ያ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ትከፍላላችሁ ማለት ነው፤ ይሄ ደግሞ ወደ እምነቱ ጉዳይ ይወስደናል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሌላ ገፊ ነገር አለ።

ሰው ሁሉ እየገዛ ሲመስላችሁ

በ2020 መጀመሪያ በብዙ አገር የሽንት ቤት ወረቀት ከመደርደሪያ ጠፋ። ፋብሪካው ቆሞ አልነበረም። ሰው ሲሻማ ስላየ ሰው ተሻማ። ኦንላይን ላይም ያው ነው፤ ልዩነቱ ግርግሩ ጸጥ ያለ መሆኑ ነው። ሰልፍ አታዩም። የምታዩት “3 ብቻ ቀርቷል” የሚል ቀይ ጽሑፍ፣ “አሁን 40 ሰው እያየው ነው” የሚል ማስታወቂያ፣ ወደ ታች የሚቆጥር ሰዓት ነው።

አንዳንዱ እውነት ነው። ብዙው ግን ገዢን ለማጣደፍ ተብሎ የተሠራ ነው። ሃሪ ብሪግነል የተባለ እንግሊዛዊ የድረ ገጽ ንድፍ ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ማታለያዎችን እየሰበሰበ ሲያጋልጥ ኖሯል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ገጹን ዝጉት፤ ትንሽ ቆይታችሁ ክፈቱት። ሰዓቱ ከመጀመሪያው መቁጠር ከጀመረ ውሸት ነው። ሌላ ስልክ ላይም ክፈቱት። እዚያም ያው ሦስት ቀርቷል የሚል ከሆነና በማግስቱም ካልተቀየረ፣ ያ ሻጭ በሌላውም ነገር አይታመንም።

ሌላው ዘዴ አፑን ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ቤት ውስጥ ምን አለ? ስንት ቀን ያቆያል? የጎደለው ምንድን ነው? የሁለት ሳምንት ያህል አስቡ። ገደብ ቢጣል፣ ዕቃ ቢዘገይ፣ ሁለት ሳምንት ያስተነፍሳል። ከዚያ በላይ ያከማቸ ሰው የሌላውን ድርሻ ነው የያዘው፤ ያውም ደግሞ ከቤት መውጣት የማይችለውን ሰው ድርሻ። ይሄን ስል ከልቤ ነው። በየቀኑ “አለቀ” እያልኩ የመለስኳቸው ሰዎች ድምፅ እስካሁን ይሰማኛል።

የመዘግየቱ ነገር ደግሞ ትልልቆቹንም አልማረም። የአሜሪካው የኦንላይን ሻጭ አማዞን እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2020 ከሻጮች ወደ መጋዘኖቹ የሚገባውን ዕቃ ለቤት አስፈላጊ በሆኑና በሕክምና ዕቃዎች ላይ ብቻ ወሰነው፤ እስከ ኤፕሪል 5። ያን ያህል ግዙፍ ድርጅት ይህን ካደረገ፣ ትንሹ ሻጭ “ነገ ይደርሳል” ሲላችሁ ጥያቄ ጠይቁት። ዕቃው እጅህ ላይ አለ ወይስ ልታመጣው ነው? ብዙ ጊዜ መዘግየቱን የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

እምነት፦ ሰው ክፍያው ጋ ሲደርስ የሚቆምበት

ሬይመንድ ባወር የሚባል የሃርቫርድ ምሁር በ1960 አንድ ሐሳብ አቀረበ። መግዛት ማለት ውጤቱን ሙሉ በሙሉ ሳያውቁ አደጋ መቀበል ማለት ነው የሚል። ከእሱ በኋላ የመጡት አደጋውን በዓይነት በዓይነት ለዩት። እኔ በስልክ ከሰማሁት ተነስቼ በአራት እከፍለዋለሁ፦ ገንዘቤን እበላ ይሆን፣ ዕቃው እንደ ፎቶው ባይሆንስ፣ በሰዓቱ ባይደርስስ፣ የካርዴና የስልኬ መረጃ ቢሰረቅስ። ወረርሽኝ እነዚህን አራቱን አያጠፋቸውም። የበሽታው ፍርሃት ስለሚጮህ ብቻ ድምፃቸው አይሰማም።

አንድ ስልክ በደንብ አስታውሳለሁ። ልጇ ያተኮሰባት እናት ናት። የሙቀት መለኪያ ትፈልጋለች፤ ድምፅዋ ይቸኩላል። “ካርዴን ላስገባ ነው፤ ግን ገጹ የእናንተ መሆኑን በምን ልወቅ?” አለችኝ። ከላይ ያለውን አድራሻ ፊደል በፊደል እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። ማንበብ ጀመረች። መሃል ላይ ስትደርስ “ሰረዝ” አለች። የእኛ አድራሻ ሰረዝ የለውም። ሊንኩን ከየት እንዳገኘችው ስጠይቃት፣ ሰው በመልእክት ሼር ያደረገው ነው። አርማው የእኛ ነው፤ ቀለሙ የእኛ ነው፤ ፎቶዎቹ ከእኛ ገጽ የተወሰዱ ናቸው። ከአድራሻው አጠገብ የምትታየው ቁልፏ ምልክትም አለች። የሙቀት መለኪያው ዋጋ ብቻ ከእኛ በጣም ይረክሳል። ካርዱን ሳታስገባ ዘጋችው። ለአንድ ሰረዝ።

ስለዚህ ከእሷ እንጀምር። አድራሻውን ፊደል በፊደል አንብቡ። የላኩላችሁን ሊንክ ከመንካት ስሙን ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ። አፕ ከሆነ ከስልኩ ዋና የአፕ መደብር ብቻ አውርዱ፤ የሠራውን ድርጅት ስምም እዩ። ቁልፏ ምልክት የምትነግራችሁ በስልካችሁና በገጹ መካከል ያለው መልእክት በመንገድ ላይ እንደማይነበብ ነው። ገጹን የከፈተው ሰው ታማኝ ይሁን አይሁን አትነግራችሁም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ቀጥሎ ደውሉ። ስልክ ቁጥር የሌለው ሻጭ፣ ቢኖረውም የማያነሳ ሻጭ፣ ዕቃ ሲበላሽ ጭራሽ አታገኙትም። ስትደውሉ አንድ የዕቃውን ዝርዝር ጠይቁ፦ መጠኑን፣ የተሠራበትን፣ የሚያበቃበትን ቀን። ዕቃው በእጁ ያለ ሰው ብድግ ብሎ አይቶ ይነግራችኋል። የሌለው ሰው ገጹ ላይ ያለውን መልሶ ያነብላችኋል።

የገዢዎች አስተያየት ጠቃሚ ነው፤ አነባበቡን ካወቃችሁበት። አምስት ኮከብ የሰጡትን ዝለሏቸው። አንድ ኮከብ የሰጡትንም ለጊዜው ተዉአቸው፤ የተናደደ ሰው ነው የጻፈው። መሃል ላይ ያሉትን፣ ሦስት ኮከብ የሰጡትን አንብቡ። “ጥሩ ነው ግን ክሩ ይላላል” የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን የተጠቀመበት ሰው ነው። ቀኑንም ተመልከቱ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የተከመረ ሙገሳ፣ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ያለው፣ ፎቶ የሌለው፣ ጥርጣሬ ውስጥ ይግባ። ከወረርሽኙ በፊት የተጻፈ አስተያየትም ስለ አሁኑ አደራረስ አይነግራችሁም፤ ያኔ ሠራተኛውም መንገዱም ሌላ ነበር።

ክፍያ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ለዚህ ጉዳይ ከእሱ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2003 ቻይና ውስጥ ሳርስ የተባለው በሽታ ሲሰራጭ ሰው ቤቱ ተቀመጠ። ታኦባኦ የሚባለው፣ አሊባባ የተባለው የቻይና የኦንላይን ንግድ ድርጅት የመገበያያ ገጽ የተከፈተው በዚያው ሰሞን፣ በሜይ ወር ነው። ቤጂንግ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የነበሩት ሌላ ነጋዴም ሱቆቹ ሲዘጉበት ወደ ኦንላይን ሽያጭ ዞረ፤ ድርጅቱ ዛሬ ጄዲ በሚል ስም ይታወቃል። በሽታው ሰውን ወደ ገጹ አመጣው። ግን ገዢው ሻጩን አያውቀውም፤ ሻጩም ገዢውን። ገዢው “መጀመሪያ ዕቃውን ላክ” ሲል ሻጩ “መጀመሪያ ክፈል” ይላል። መፍትሔው በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የመጣው አሊፔይ ነው። ገንዘቡን መሃል ላይ ያለ ሦስተኛ ወገን ይይዘዋል። ዕቃው ደርሶ ገዢው “ተቀብያለሁ” ሲል ነው ለሻጩ የሚለቀቀው። ሳርስ በወራት ውስጥ አለፈ። ያ የክፍያ ዘዴ ግን ቀረ፤ ግብይቱም በእሱ ላይ ቆሞ አደገ።

እናንተም እንዲህ ያለ አማራጭ ካለ እሱን አስቀድሙ። ገንዘቡ መሃል የሚቆይበት፣ ካልሆነም ዕቃው ሲደርስ የሚከፈልበት። ዕቃው ሲደርስ ስትከፍሉ ብር መቀባበሉ ካሳሰባችሁ፣ በር ላይ ሆናችሁ በስልክ አስተላልፉ፤ ካርቶኑን ከፍታችሁ ካያችሁ በኋላ። ካርድ ከሆነ ግዢውን ባንኩ ሊያግድላችሁ ወይም ሊያስመልስላችሁ የሚችልበትን ሁኔታ ቀድማችሁ ጠይቁ። ለኦንላይን ብቻ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ያለበት የተለየ ሒሳብ ቢኖራችሁ ደግሞ እንቅልፍ ይሰጣል።

ሻጩ “ከአፑ ውጪ ብትልክልኝ እቀንስልሃለሁ” ካለ አቁሙ። በቃ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማባበያ ሁሉ ያው ነው። በስልካችሁ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥርም ለማንም አይነገርም። ለእኛ ለደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞችም። እኛ አንጠይቅም፤ የጠየቃችሁ ሰው ከእኛ አይደለም።

እነዚህን ሁሉ አይታችሁም ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ፣ ትንሽ ነገር እዘዙ። ብትጠፋ የማታስቆጭ። በአንድ ትንሽ ትዕዛዝ አስተሻሸጉን፣ ሰዓት አከባበሩን፣ ሲደወል የሚያነሳ ሰው መኖሩን ታያላችሁ። ትልቁን ከዚያ በኋላ።

ዋጋው ሲደመር

ስለዚህ ብዙ አልልም። ሰው ቅርጫቱን ጥሎ ከሚሄድባቸው ምክንያቶች አንዱ መጨረሻ ላይ ብቅ የሚል የማድረሻ ሒሳብ ነው። የዕቃውን ዋጋ ብቻ ከሱቁ ዋጋ ጋር አታወዳድሩ። በአንድ ወገን ዕቃው፣ ማድረሻው፣ ማሸጊያው፣ ባይሆን የመመለሻው። በሌላ ወገን ዕቃው፣ መጓጓዣችሁ፣ ጊዜያችሁ፣ ከላይ የለካችሁት ስጋት። “ከዚህ በላይ ከገዙ ማድረሻው ነፃ” የሚለውን ለመሙላት የማያስፈልግ ዕቃ ከመጨመር ከጎረቤት ጋር አንድ ላይ ማዘዝ ይሻላል።

ለእናት አባታችሁ

ፍሬድ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1989 ሰው አዲስ ቴክኖሎጂን የሚቀበለው ይጠቅመኛል፣ አያስቸግረኝም ብሎ ሲያምን ነው የሚል ሞዴል አወጣ። ወረርሽኝ የመጀመሪያውን ይፈታዋል። መጥቀሙን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ሁለተኛው ነው አዛውንቶችን ያስቀራቸው። በጣም ተጋላጭ የሆኑት ሰዎች አፑን መጠቀም የሚከብዳቸው መሆናቸው፣ እኔን በሥራዬ ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ነገር ነው።

አንድ አባት ደውለው “ልጄ፣ ይሄ ነገር ቀጥል ይለኛል፤ ስቀጥል ተመለስ ይለኛል” አሉኝ። ልጃቸው አፑን ጭኖላቸው ሄዷል። ያልነገራቸው ነገር አድራሻ ሳይሞላ አልፎ እንደማይሄድ ነው። ጽሑፉ ደግሞ ደቃቃ ነው፤ በቀይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ አላዩትም። የስልኩን ፊደል አብረን አተለቅነው፤ ከዚያ ራሳቸው አነበቡት። “አሃ!” አሉ። ትዕዛዙን የጨረሱት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ሲደውሉ የሚጠይቁት ስለ ዕቃው እንጂ ስለ አፑ አልነበረም።

ስለዚህ ወላጆቻችሁን ስታስተምሩ ስልኩ በእነሱ እጅ ይሁን። እናንተ አትንኩት። ቀድማችሁ ፊደሉን አተልቁ፤ አድራሻቸውን ሙሉና አስቀምጡ። አንድ ትንሽ ዕቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሳቸው ይዘዙ። ሲሳሳቱ እንዴት እንደሚመለሱ አሳዩአቸው፤ ሰው የሚፈራው የማይመለስ ነገር መንካትን ነው። ደረጃዎቹን በእጅ ጽፋችሁ ስልኩ አጠገብ አስቀምጡላቸው። ርቃችሁ ካላችሁ በቪዲዮ ጥሪ ይሆናል። እና አንድ ሕግ አስይዟቸው፦ ማንም ደውሎ ቁጥር ቢጠይቃቸው ዘግተው ለእናንተ ይደውሉ።

ኦንላይን ባይገዛ የሚሻለው

የታሸገ፣ የሚታወቅ፣ ሁሌም አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ለኦንላይን ይመቻል። ሳሙና፣ ዳይፐር፣ የምታውቁት ሞዴል ቻርጀር። ተለክቶ የሚለበስ ነገር ያስቸግራል፤ ከገዛችሁም የቁጥሩን ስም ትታችሁ በሴንቲሜትር ለኩ። የሚመጥናችሁን የራሳችሁን ጫማ ወይም ልብስ ለክታችሁ ከገጹ ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩ።

መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ላይ ግን ጥብቅ ሁኑ። ማርች 2020 ላይ ዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት ኢንተርፖል ፓንጊያ በሚባለው ዘመቻው ከ34,000 በላይ ሐሰተኛና ደረጃቸውን ያልጠበቁ ጭምብሎች መያዛቸውን ገልጿል። የኮሮና ማጥፊያ ነው ተብሎ የሚሸጥ ስፕሬይም ተይዟል። በዚያው ወር መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሐሰተኛ የሕክምና ምርቶች ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሌባ ሰው የፈራውን ያውቃል፤ የፈራውንም ይሸጥለታል። ስለዚህ መድኃኒት የምታዝዙት ፈቃድ ካለው፣ ፋርማሲስት ልታናግሩበት ከምትችሉት ቦታ ብቻ ይሁን። በሽታውን “ይፈውሳል” የሚል ማስታወቂያ ያለበትን ገጽ ደግሞ ጥሩ ሳሙና ቢሸጥ እንኳ አትግዙበት።

ዕቃው ሲደርስ

ካርቶኑ ሳይከፈት ፎቶ አንሱት። ስትከፍቱ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ከማሸጊያው እስከ ዕቃው ሳታቋርጡ። በስልክ ስንከራከር የነበረው ብዙው ነገር እንዲህ ያለ ቪዲዮ ቢኖር በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። የትዕዛዙን ገጽ፣ የተባለውን ዋጋና የመመለሻ ጊዜውን ስክሪንሾት አስቀሩ፤ ገጹ ነገ ሊቀየር ይችላል። ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ።

የመመለሻ ቀኑ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር እወቁ፦ ካዘዛችሁበት ነው ወይስ ከደረሳችሁ? በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ኦንላይን የገዛ ሸማች ለአብዛኛው ዕቃ፣ ምክንያት ሳይሰጥ፣ በ14 ቀን ውስጥ ሐሳቡን የመቀየር መብት አለው፤ የሚቆጠረውም ዕቃው እጁ ከገባበት ነው። በየአገሩ ይለያያል፤ የእናንተን ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። ቅሬታ ካላችሁ በጽሑፍ አድርጉት። የስልክ ንግግር ይረሳል። የትዕዛዝ ቁጥር፣ ቀን፣ አንድ ፎቶ፣ የምትፈልጉት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ “ገንዘቤ ይመለስልኝ” ወይም “ይቀየርልኝ”። ብሶቱን በረጅሙ የጻፈ ሰው ጥያቄው ምን እንደሆነ ፈልገን ማግኘት ነበረብን። በአራት መስመር የጻፈው ቀድሞ መልስ ያገኝ ነበር።

ወረርሽኙ ሲረግብ

የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ተቋም እንዳለው ቁጥራቸውን ባያቸው ጥቂት አገሮች ኦንላይን ግዢ ከችርቻሮ ሽያጭ የነበረው ድርሻ በ2019 ከነበረበት 16 በመቶ በ2020 ወደ 19 በመቶ አደገ። የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድን ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይነት ያነሳው ሜይ 5 ቀን 2023 ነው። ሦስት ዓመት ለአንድ ልማድ ብዙ ነው። በፍርሃት የጀመርነው ነገር ፍርሃቱ ሲሄድም አብሮን ይቀመጣል። የተመቸንን መያዝ ጥሩ ነው። ሆኖም አንዳንዱን ነገር የምንከፍለው ስለረሳነው ብቻ ነው።

ስለዚህ ስጋቱ ሲቀንስ ተቀምጣችሁ እዩ። በየወሩ በራሱ እየታዘዘ የሚመጣ ነገር አለ? ለፈጣን ማድረሻ ብላችሁ የገባችሁበት የአባልነት ክፍያስ? ያኔ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ካላስፈለገ ሰርዙት፤ የመሰረዣውንም ማረጋገጫ አስቀሩ። በየገጹ ያስቀመጣችሁትን የካርድ ቁጥር አጥፉ። በዚያ ጥድፊያ በብዙ ቦታ አንድ ዓይነት ፓስወርድ ተጠቅማችሁ ከሆነ ቀይሩ። ዳግመኛ የማትገዙበትን ሻጭ ደግሞ አካውንታችሁን እንዲዘጋ በጽሑፍ ጠይቁት፤ የቤታችሁ አድራሻ፣ ስልካችሁና ያዘዛችሁት መድኃኒት ዝርዝር እዚያው አለ።